ስለ ነጻ ዜማና ስለ ሰጪው

የልደት በዓል በተቃረበ ጊዜ ዜማ ለሚፈልግ ሰው የዛሬው ዘመን እጅግ የተመቸ ነው። በኢንተርኔት አንድ ቃል ጽፎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ በታላላቅ ካቴድራሎች የተዘመረውም፣ አንድ ወጣት በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በጊታር የቀረጸውም፣ አያቶች በሸክላ ይሰሙት የነበረውም በአንድነት ተደርድሮ ይቀርብለታል፤ ከዚህም እጅግ የሚበዛው ገንዘብ የማይጠየቅበት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ የትኛው ባለቤቱ ወዶ የሰጠው፣ የትኛው ባለቤት አጥቶ የቀረ፣ የትኛውስ ከባለቤቱ የተወሰደ እንደ ሆነ ለይቶ የሚነግረው አያገኝም። በሁሉም ላይ የተለጠፈው ቃል አንድ ነው፤ እሱም «ነጻ» የሚለው ነው።

ይህ ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። ከባርነት ወይም ከዕዳ የወጣ ሰው ነጻ ወጣ ይባላል፤ ዋጋ ያልተከፈለበትም ዕቃ በነጻ ተገኘ ይባላል። ግዕዝ የተማረ ሰው ግን ሥሩ «ነጽሐ» እንደ ሆነ፣ ትርጓሜውም ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት መሆኑን አይስተውም። እንግዲህ ዋጋ ያልተከፈለበት ዜማ ሁሉ በዚህ በጥንቱ ትርጓሜ ነጻ ነውን? ነገሩ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ዜማን ለሚሰማና ለሚመዝን ሰውም የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በዓለም ላይ ያለ ዋጋ እጅግ የተዘመረውን የልደት መዝሙር መመልከት ይበቃል። «ጸጥ ያለ ሌሊት» የሚባለውን መዝሙር ቃሉን የጻፉት በኦስትርያ አገር የነበሩ ቄስ ዮሴፍ ሞር ናቸው፤ የጻፉትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1818 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ፣ ፍራንዝ ግሩበር ለተባለ የትምህርት ቤት አስተማሪ ቃሉን ሰጥተው ዜማ እንዲያወጣለት ጠየቁት፤ በዚያችው ሌሊት ሁለቱ በሳልዝቡርግ አጠገብ ባለችው በኦበርንዶርፍ ቤተ ክርስቲያን በጊታር ዘመሩት። በጊታር የሆነበት ምክንያት የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን አይጦች ስለ በሉት ነው የሚለው በኋላ የመጣ ተረት ነው፤ ሰው ለወደደው ዜማ ታሪክ ቢጎድልበት ይጨምርለታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ልብ የሚያስደርገው። ካርል ማውራኸር የተባለ ኦርጋን ሠሪ መዝሙሩን ይዞ ወደ ቲሮል አገር ሄደ። ሽትራሰርና ራይነር የተባሉ ዘማሪ ቤተ ሰቦች ከዚያ ተቀብለው ከከተማ ወደ ከተማ፣ በመጨረሻም በ1839 ዓ.ም. እስከ ኒው ዮርክ አደረሱት። ሲታተምም የቲሮል ሕዝብ ዜማ ተብሎ ታተመ። ማንም ገንዘብ አልጠየቀበትም፤ ማንም ደግሞ የማን እንደ ሆነ አልጠየቀም። በ1854 ዓ.ም. በበርሊን የንጉሡ ጸሎት ቤት መዘምራን የሚካኤል ሃይድን ድርሰት መስሏቸው ወደ ሳልዝቡርግ ጽፈው ቢጠይቁ፣ በዚያን ጊዜ ያረጀው ግሩበር በታኅሣሥ መጨረሻ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ በእጁ ጽፎ መለሰ። ቄስ ሞር ግን ከስድስት ዓመት በፊት ዐርፈው ነበር። እርሳቸው በእጃቸው የጻፉት የመዝሙሩ ገጽ የተገኘው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ በእርሱም ላይ ዜማው የግሩበር መሆኑ ተጽፎ ይታያል። ቄሱ የወዳጃቸውን ስም በወረቀቱ ላይ አልዘነጉትም ነበር፤ የዘነጋው ያለ ዋጋ የተቀበለው ዓለም ነው።

ስለዚህ አንድ ዜማ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ሊያጣ እንዲችል ከዚህ ይታወቃል። ዛሬ በኢንተርኔት ያለው ነገር ይህን የቆየ ጉዳት አፈጠነው እንጂ አልፈጠረውም።

በሕግ በኩል ያለውን ባጭሩ መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታልና። የ«ጸጥ ያለ ሌሊት» ቃልና ዜማ ዛሬ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንም ሊዘምረው፣ ሊያሳትመው ይችላል። ትናንት አንድ የመዘምራን ማኅበር የቀረጸው የዚያው መዝሙር ድምፅ ግን የቀረጸው ነው። የማሕሌቱ ዜማ የሁሉ ሲሆን የዘመረው ጉሮሮ የባለቤቱ እንደ ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር በ2018 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 ዓ.ም. በፊት የታተሙት የድምፅ ቅጂዎች ከ2022 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ለሁሉ ተለቀዋል፤ ተከታዮቹም በየተራቸው ጊዜያቸው ሲደርስ ይለቀቃሉ።

ከዚህ ወዲህ ባሉት ላይ ግን ክርክር አልጠፋም። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንጻ ውስጥ የተቀመጠው፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው «ኢንተርኔት አርካይቭ» የተባለው ቤተ መጻሕፍት፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን የጥንት ሸክላዎች እየቀዳ ያለ ዋጋ ለሕዝብ ያሰማ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ከሰሱት፤ ከተከሰሰባቸውም ዜማዎች አንዱ ኧርቪንግ በርሊን ደርሶት ቢንግ ክሮዝቢ በ1942 ዓ.ም. የዘፈነው «ነጭ ገና» ነበር። ክርክሩ በ2025 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጸመ። ቤተ መጻሕፍቱ ዜማዎቹን ከመጥፋት አድናለሁ አለ፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ በገበያ ያለ ዜማ አዳኝ አያስፈልገውም አሉ። በእውነቱ ሁለቱም ስለ አንድ ሸክላ አልተናገሩም። «ነጭ ገና» በየሱቁ ሲጮህ የሚከርም ነውና መዳን አያሻውም፤ ከእርሱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ አቧራ የዋጠው፣ ዘፋኙን ዛሬ ማንም የማያነሣው ሸክላ ግን ያሻዋል። የተመሰገነው ሥራ የዚህ የሁለተኛው መዳን ነው፤ በመጀመሪያው ምክንያት መታወኩ ያሳዝናል።

በራሳቸው ፈቃድ የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። ኩባንያ ሳይዛቸው በራሳቸው የሚሠሩት ሙዚቀኞች ከዛሬ 20 ዓመት ገደማ ጀምሮ ስጦታን የሥራቸው መንገድ አድርገውታል። ዴሪክ ዌብ የተባለ አሜሪካዊ የክርስቲያን ዜማ ደራሲ በ2006 ዓ.ም. «ሞኪንግበርድ» የተባለውን ሥራውን ያለ ገንዘብ ሰጠ፤ በሦስት ወር ውስጥም ከ80,000 በላይ ቅጂ ተወሰደ። በ2008 ዓ.ም. እርሱና ባልንጀሮቹ «ኖይዝትሬድ» የሚባል ድረ ገጽ አቆሙ፤ በዚያም ብዙ ዘማሪዎች ዜማዎቻቸውን ለፈለገ ሁሉ ያድሉ ነበር። አድማጩ የሚጠየቀው የኢሜይል አድራሻውንና የሚኖርበትን ሰፈር የፖስታ ቁጥር ነበር። ይህ በውነቱ ዋጋ አይደለምን? ዘማሪው አድማጮቹ የት ከተማ እንደሚበዙ ዐውቆ ወደዚያ ሄዶ ለመዝፈን ይጠቅመዋልና ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ስጦታ ሰጥቶ የተቀባዩን ስም በመዝገብ የሚያስገባ ሰው ደረሰኝ ተቀበለ እንጂ እጁን ባዶ አልተመለሰም። ድረ ገጹም በ2016 ዓ.ም. ለአንድ ኩባንያ፣ ያ ኩባንያ በወደቀ ጊዜ በ2019 ዓ.ም. ለሌላ ተላለፈ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው «ባንድካምፕ» ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው፤ ዘማሪው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፣ ቢወድ ዜሮ ብሎ ይጽፋል፣ አድማጩም ቢወድ ጨምሮ ይከፍላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የተባለው የፈቃድ ሥርዐትም የሚመሰገነው በአንድ ነገር ነው፤ በእነዚያ ፈቃዶች ዘንድ የተለመደው ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ሳይሆን የደራሲውን ስም መጥራት ነው። ቄስ ሞር በወረቀታቸው ላይ ያደረጉትን ይህ ሥርዐት በሕግ ቃል ያደርገዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጎላው የሱፍያን ስቲቨንስ ሥራ ነው። ይህ በ1975 ዓ.ም. በዲትሮይት የተወለደ አሜሪካዊ ዘፋኝና ደራሲ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የልደት በዓል በመጣ ቁጥር ጥቂት ዜማዎች እየቀረጸ ለቤተ ሰቡና ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር፤ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ የዘለለው የ2004ን ዓ.ም. ብቻ ነው። ለገበያ ያሰበው አልነበረም። አንዱ ወዳጅ ለሌላው እያቀበለ ግን ዜማዎቹ በኢንተርኔት ተበተኑ፤ ደራሲውን በዐይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎችም የወዳጅን ስጦታ ወዳጅ ሳይሆኑ ተቀበሉ። በኖቬምበር 2006 ዓ.ም. የአምስቱ ጊዜ ሥራ፣ በጠቅላላው 42 ዜማዎች፣ በአንድ ሣጥን ሆኖ «ዜማዎች ለገና» በሚል ስም በትንሽ አሳታሚ እጅ ለሽያጭ ወጣ። በሣጥኑም ውስጥ አድማጩ ራሱ በቤቱ እንዲዘምር ቃላቱና የጊታሩ አያያዝ የተጻፈበት መጽሐፍ ተጨምሮበታል።

በዚህ ሣጥን ውስጥ መዝሙርና ዘፈን ሳይለዩ ተቀምጠዋል፤ ይህም ለቤተ ክርስቲያን ሰው መጀመሪያ ዕንቅፋት ይሆንበታል። ስለ አማኑኤል መምጣት የሚዘመረው የጥንት መዝሙር በባንጆና በቀጭን ድምፅ ሲሰማ ልብን ይነካል፤ ካቴድራል ውስጥ የለበሰውን ልብሰ ተክህኖ አውልቆ ወደ ጓዳ የገባ ይመስላል። ከእርሱ ጥቂት ወረድ ሲባል ደግሞ ጌታችን ጴጥሮስን የገሠጸበትን ቃል ወደ ገና አባት አዙሮ አርእስት ያደረገ ቀልድ ይገኛል። ሳቅ ያመጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ለመስማት አያስመኝም። ምጣዱ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ የመሰሉም ዜማዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዱ ተጀመረ ሲባል ያልቃል፣ አንዳንዱም የጀመረውን ዐሳብ ይረሳዋል።

እነዚህ ጉድለቶች ግን ከየት መጡ ብሎ መጠየቅ ፍርድን ያስተካክላል። ወዳጅ ከወዳጁ በተቀበለው ነገር ላይ ሚዛን አያወጣም፤ በጥድፊያ የተሠራውንም ጥድፊያው ለእርሱ ሲባል የሆነ ነውና ይወደዋል። ያው ዜማ በሣጥን ታሽጎ በሱቅ ሲቀመጥ ግን ገዢው ሚዛን ያወጣል፤ ማውጣቱም ትክክል ነው። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ዜማው ተለወጠ፤ የለወጠውም የመጣበት እጅ ነው። ስለዚህ የስጦታውን ነገር ሳያስቡ ይህን ሥራ መንቀፍም ማመስገንም ግማሽ ንባብ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ሌላ 58 ዜማ የያዘ ሁለተኛ ሣጥን በወጣ ጊዜ ይህ ነገር ይበልጥ ታይቷል፤ ስጦታው በዛ፣ ሰጪውም ከብዛቱ በስተኋላ ተሸሸገ።

ከመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ሁለት ዜማዎች ከሌሎቹ ይለያሉ። አንደኛው የከፋ ስለ ሆነ የገና ቀን የሚናገረው ነው። አባት ተቆጥቶ ለልጆቹ የመጣውን ስጦታ ወደ እሳት ይጥላል፤ ዘፋኙ ይህን ሲናገር አይጮህም፣ አይከስም፣ ልጅ በነበረበት ጊዜ እንዳየው አድርጎ በለሆሳስ ይተርከዋል። ለወዳጆች ስጦታ ተብሎ በተሠራ ሥራ ውስጥ ስጦታ ሲቃጠል የሚያሳይ ዜማ መገኘቱ ደራሲው በዓሉን ለማሳመር ብሎ እንዳልዋሸ ያሳያል። በየሱቁ የሚለቀቁት የገና ዘፈኖች ከዚህ ቤት አጠገብ አያልፉም፤ በዚያች ሌሊት ግን እንዲህ ያለ ቤት በየከተማው ይኖራል። ሁለተኛው ክረምትን እንደ እኅት አድርጎ የሚጠራው ነው፤ በዝግታ ጀምሮ፣ የከበሮው ምት እየከበደ፣ ድምፁ ሁሉ እየተሰበሰበ ይሄድና፣ ያዘነው ሰው ለወዳጆቹ ይቅርታና መልካም በዓል በመመኘት ይፈጸማል። ጭነው ከሚሰጡት ደስታ ይልቅ በድካም የተደረሰበት ደስታ እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ሰው የደረሰው ዜማ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ስቲቨንስ ይህን የስጦታ ነገር እስከ ዳር ወሰደው። የገና ዜማ ደርሰው የሚልኩ ሰዎችን አወዳደረ፤ ላሸነፈው ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማውን አንድ ዜማውን ከነመብቱ ሊሰጠው፣ እርሱም በምላሹ የአሸናፊውን ዜማ ሊወስድ ተስማማ። ያሸነፈው በኒው ዮርክ በብሩክሊን የሚኖር አሌክ ዳፊ የተባለ የቴያትር አዘጋጅ ነበር፤ «የክረምቱ ብቸኛ ሰው» የሚለው የስቲቨንስ ዜማም ለእርሱ ሆነ። ሊሸጠው ይችል ነበር። በኢንተርኔት ቢጥለው ደግሞ በአንድ ሌሊት ዓለሙን ያዳርስ ነበር፤ የጠበቀው ሰውም ብዙ ነበር። ዳፊ ሁለቱንም አላደረገም። ዜማውን መስማት የሚፈልጉትን እንግዶች በቤቱ እየተቀበለ፣ ሻይና ብስኩት እያቀረበ፣ ተቀምጠው እንዲሰሙ አደረገ። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ቅጂም አልሰጠም።

ብዙዎች ነቀፉት። በውጭ አገር ያለ፣ ወይም የመንገድ ወጪ የሌለው ሰው እንዴት ሊሰማ ይችላል? ገንዘብ አለመጠየቅስ እስከ ብሩክሊን ለማይደርስ ሰው ምን ይረባዋል? ይህ ነቀፌታ ውድቅ አይደለም፤ ለአንድ ቤት ብቻ የተከፈተ በር ለብዙዎች የተዘጋ በር ነው። ቢሆንም ቅሉ ዳፊ ያደረገው ነገር በክምሩ ውስጥ የማይገኘውን አንድ ነገር ጠብቋል። ያን ዜማ የሰማ ሰው ሁሉ የማን ድርሰት እንደ ሆነ፣ በማን ቤት፣ ከማን ጋር እንደ ሰማው ያውቃል። ከፈት አድርጎ፣ ግማሹን ሰምቶ፣ ወደ ሌላ የሚዘልበት መንገድ አልነበረውም።

በቅኔ ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ቅኔ ለዕለቱ ይቆጠራል፤ በዚያ ያልነበረ ሰው ከነበረው አፍ ይቀበለዋል፤ የተወደደውም ቅኔ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከእርሱ ጋር «የእገሌ ቅኔ ነው» የሚለው ቃል አብሮ ይዞራል። ገንዘብ የሚከፍልበት የለም። ዛሬ በዩቲዩብ ከሚጫኑት የልደት መዝሙራት አንዳንዱ ግን የጫነውን ሰው ስልክ ቁጥር በታላላቅ ፊደል ይዞ የደራሲውን ስም አይጠቅስም፤ በዚህ ነገር ከቅኔ ቤቱ ይልቅ የቲሮልን ዘማሪዎች ይመስላል።

«የክረምቱ ብቸኛ ሰው» በመጨረሻ በ2018 ዓ.ም. ለሁሉ ወጣ፤ አሁን ማንም በቤቱ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠበቅ የኖረ ዜማ ሲወጣ ትንሽ ሆኖ መታየቱ አይቀርምና ይህም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ከ42ቱም ከ58ቱም ጋር ቢሰለፍ በመካከለኞቹ ተርታ የሚቆም፣ ጭምት፣ ደግ ዜማ ነው፤ ስለ ክረምት እኅት ከተደረሰው ጋር ግን አይተካከልም። በዳፊ ቤት የተቀመጡት እንግዶች ከዚህ የላቀ ነገር የሰማን መስሏቸው ከሆነ አልተታለሉም፤ እነርሱ የሰሙት ዜማውን ብቻ አልነበረም።